ትምህርት አሥራ ስምንት፦ ስለ ከተማ የሚጻፍ ድርሰት

ሀ. ምንባብ

ቤት ይፈርሳል፤ ገበያ ቦታውን ይለቃል፤ የሰፈር ስም ይዘነጋል። በጊዜው ታይቶ በጊዜው የተጻፈ ነገር ግን ለተከታዩ ትውልድ ይተርፋል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የሕዝብን ልማድና አኗኗር በሚያጠና ማኅበር ተሰባስበው ጥናታቸውን በመጽሔት ያሳትሙ ነበር። ገና ተማሪዎች ሳሉ ያሳተሙት ጽሑፍ ዛሬም ለተመራማሪዎች ማስረጃ ሆኗል። በዚያው ኮሌጅ፣ በኮሌጅ ቀን በዓል፣ ተማሪዎች የራሳቸውን ግጥም በሕዝብ ፊት ያነቡ ነበር። ጥናቱም ግጥሙም ከአስተውሎት ይነሣሉ፤ ለአንባቢ የሚሰጡት ቃል ግን የተለያየ ነው። ጥናት «ይህ ሆኗል» ሲል፣ ግጥም «ይህ ተሰማኝ» ይላል።

ለ. ማብራሪያ

ስለ ጎንደር የተጻፉትን የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች እናነጻጽር።

1. በጃን ተከል ዋርካ ጥላ ሥር አረጋውያን ተቀምጠው አየሁ።
2. የፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ።
3. አፄ ፋሲል ጎሽ ሲያሳድዱ የከተማውን ቦታ አገኙ ይባላል።
4. ዋርካው ያለፈውን ሁሉ ያስታውሳል።

የመጀመሪያው የጸሐፊው የዐይን ምስክርነት ነው፤ «አየሁ» የሚለው የአንደኛ መደብ ግሥ ኃላፊነቱን በጸሐፊው ላይ ያደርጋል። ሁለተኛው በሰነድ የሚረጋገጥ ነው። በሦስተኛው «ይባላል» የተባለው ተደራጊ ግሥ ነገሩ በአፈ ታሪክ የመጣ መሆኑን ያስታውቃል። ይህ አንድ ቃል ቢቀር ተረቱ ታሪክ መስሎ ይታተማል፤ ከእርሱ የሚቀዳውም ሁሉ ስሕተቱን ያወርሳል። አራተኛው ዘይቤያዊ አነጋገር ነው፤ በግጥም ውስጥ ያምራል፣ በጥናት ውስጥ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ስለ ሰዎች ሲጻፍ ጥንቃቄው ይበልጣል። በወሬ ብቻ «የዚያ ሰፈር ሰዎች ጠበኞች ናቸው» ብሎ ማሳተም የብዙዎችን ስም ማጉደፍ ነው። የተነገረ ቃል ይረሳ ይሆናል፤ የታተመ ግን መጽሔቱ ባለበት ሁሉ ይኖራል።

ሐ. መልመጃ

1. «ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ተቆረቆረች» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከአራቱ ዓይነቶች የትኛው ነው? ምክንያቱን ግለጹ።
2. ስለ አካባቢያችሁ ገበያ ያያችሁትንና የሰማችሁትን በሁለት ዐምድ ለይታችሁ ጻፉ።
3. ከመጀመሪያው ዐምድ አንድ የጥናት አንቀጽ፣ ከሁለቱም ዐምዶች አንድ አጭር ግጥም አዘጋጁ። ለትምህርት ቤታችሁ መጽሔት ከመስጠታችሁ በፊት የሰፈሩን ነዋሪ አንድ ሰው አስነብባችሁ አርሙ።