ስለ ወዶ ዘማቾችና ስለ መንደራቸው

ልጆች ሆይ፤ በሀገራችን በቀድሞ ዘመን ንጉሥ ክተት ብሎ ነጋሪት ባስጐሰመ ጊዜ፣ ባላገሩ ማረሻውን አኑሮ፣ መሣሪያውን አንሥቶ፣ ስንቁን በአህያ ጭኖ ይዘምት እንደ ነበረ ከታላላቆቻችሁ ሰምታችኋል። በ1888 ዓመተ ምሕረት ወደ ዐድዋ ከዘመተው ሕዝብ ብዙው እንዲህ ያለ ባላገር ነበረ። በሌላም አገር ይህን የመሰለ ነገር ተደርጓል። ዛሬ የምናነበው በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ስለ ነበሩት ወዶ ዘማቾች ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው የዘመን ቍጥር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

በዚያን ጊዜ ማሳቹሴትስ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ነበረች። በየመንደሩም የአጥቢያ ጭፍራ ነበረ። ዕድሜው ከ16 እስከ 60 ዓመት የሆነ ወንድ የሚበዛው በሕግ ከጭፍራው ይቈጠር ነበር። ይህ ጭፍራ ሥራው ውትድርና ብቻ የሆነ ሠራዊት አልነበረም። ገበሬውም፣ አንጥረኛውም፣ ጫማ ሰፊውም፣ ባለ ወፍጮውም በውስጡ ነበሩ። በተወሰነ ቀን በመንደሩ ሜዳ ተሰብስበው መሰለፍንና መተኰስን ይማሩ ነበር፤ አለቃቸውንም ራሳቸው ይመርጡ ነበር። አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም፣ ጎረቤትና ጎረቤት ጐን ለጐን ይቆሙ ነበር። ስለዚህ የሸሸ ሰው በዘመዶቹ ፊት ያፍር ነበር፤ አንድ ሰውም በሞተ ጊዜ መንደሩ ሁሉ ያለቅስ ነበር።

ከዚህ በኋላ በእንግሊዝ መንግሥትና በሕዝቡ መካከል በግብር ምክንያት ጠብ ሆነ። በ1774 መንግሥት የቦስቶንን ወደብ ዘጋ። ንግድ ስለ ቀረ የከተማዪቱ ድሆች ተቸገሩ። ያን ጊዜ ሌሎች ከተሞችና መንደሮች እህልና በግ ሰደዱላቸው። አስተውሉ፤ እነዚህ ሰዎች ጠመንጃ ከማንሣታቸው አስቀድሞ ምግባቸውን ተካፈሉ።

በዚያው ዓመት የግዛቱ ሸንጎ ከጭፍራው ከአራት አንድ እጅ ያህሉ በፈቃዱ እየተጻፈ ለብቻው እንዲደራጅ መከረ። እነዚህ ወዶ ዘማቾች የጥሪ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ሳይዘገዩ የሚነሡ ነበሩ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ሚኒትመን» ተባሉ፤ ትርጓሜውም የደቂቃ ሰዎች ማለት ነው። በነህምያ ዘመን የኢየሩሳሌምን ቅጥር ይሠሩ የነበሩት ሰዎች መሣሪያቸውን ከአጠገባቸው እንዳላራቁ፣ እነዚህም ሥራቸውን ሳይተዉ ዝግጁ ሆነው ይኖሩ ነበር።

አክተን በምትባል መንደር አይዛክ ዴቪስ የሚባል የ30 ዓመት ሰው ነበረ። ሥራው ጠመንጃ መሥራት ነበረ። የመንደሩ ወዶ ዘማቾች አለቃ አድርገው መረጡት። እርሱም በቤቱ አጠገብ ዒላማ አቁሞ ያለማምዳቸው ነበር፤ በጠመንጃቸውም ጫፍ የሚተከል ሳንጃ አዘጋጀላቸው። እጁ የሚያውቀውን ሥራ ለጎረቤቶቹ ጥቅም አዋለው።

በ1775 አፕሪል 18 ቀን በሌሊት 700 ያህል የእንግሊዝ ወታደሮች ከቦስቶን ተነሡ። ሐሳባቸውም ኮንኮርድ በምትባል መንደር የተከማቸውን መሣሪያና ስንቅ ለማጥፋት ነበረ። ፖል ሪቪርና ዊልያም ዶውዝ በፈረስ እየጋለቡ ወሬውን ለመንደሮቹ ነገሩ። ሪቪር በመንገድ ተያዘ። ነገር ግን ሳሙኤል ፕሬስኮት የሚባል ሐኪም በፈረሱ የድንጋይ ካብ ዘልሎ አመለጠና ወሬውን ለኮንኮርድ አደረሰ። ደወል ተደወለ፤ ከበሮም ተመታ። የኮንኮርድ ሰዎች መሣሪያውን በየስፍራው ሸሸጉ፤ ከዚያውም አንዳንዱን በእርሻ ትልም ውስጥ አጋድመው አፈር እንዳለበሱት ይነገራል።

በነጋም ጊዜ ወታደሮቹ አስቀድመው ሌክሲንግተን ደረሱ። በመንደሩ ሜዳ 77 ያህል ሰዎች ተሰልፈው ቆመው ነበር። አለቃቸው ጆን ፓርከር በሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው ነበረ፤ ዳሩ ግን ታምሜአለሁ ብሎ በቤቱ አልቀረም። የወታደሮቹን ብዛት ባየ ጊዜ ሰዎቹ እንዲበተኑ አዘዘ። በዚህ መካከል አንድ ጠመንጃ ተተኰሰ። የተኰሰው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ወታደሮቹም ተኰሱ፤ ከመንደሩ ሰዎች 8 ሞቱ፣ 10 ቈሰሉ።

በዚያው ማለዳ አይዛክ ዴቪስ ከቤቱ ለመውጣት ተሰናዳ። አራት ልጆች ነበሩት፤ ሁሉም ታመው ነበር። ሚስቱ ሐና በሸመገለች ጊዜ እንደ ተናገረችው፣ ከደጅ ከወጣ በኋላ አንድ ነገር ሊነግራት እንደሚፈልግ ሆኖ ዘወር አለ። ነገር ግን ልጆቹን ደኅና አድርጋ እንድትጠብቅ ብቻ አደራ ብሎአት ሄደ።

ኮንኮርድ በደረሰ ጊዜ ከልዩ ልዩ መንደር የመጡ 400 ያህል ሰዎች በኮረብታ ላይ ቆመው ነበር። በመንደሩ ጢስ ባዩ ጊዜ ቤታቸው የሚቃጠል መሰላቸው። ስለዚህ ወደ ድልድዩ ወረዱ። የአክተን ጭፍራ ሳንጃ ስለ ነበረው ፊተኛ ሆኖ እንዲሄድ ተደረገ። በድልድዩ ማዶ የነበሩት ወታደሮች ተኰሱ፤ አይዛክ ዴቪስና አብነር ሆዝመር የሚባል የጭፍራው ሰው ሞቱ። የመንደሮቹም ሰዎች መልሰው ተኰሱ፤ ወታደሮቹም ወደ ኋላ ተመለሱ።

ወታደሮቹ ወደ ቦስቶን ሲመለሱ ከብዙ መንደር የመጡ ጭፍሮች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተዋጉአቸው። የፓርከርም ሰዎች ጧት የሞቱባቸውን ጎረቤቶች ሳይቀብሩ በዚያው ቀን ተመልሰው ተዋጉ። እስኪመሽ ድረስ ከእንግሊዝ ወታደሮች 73፣ ከመንደሮቹም ሰዎች 49 ሞቱ። በዚያ ከሰዓት በኋላ የአይዛክ ዴቪስን ሬሳ ወደ ቤቱ አመጡት። ጧት አደራ የተቀበለችው ሐና ማታ ብቻዋን የአደራው ጠባቂ ሆነች። ልጆች ሆይ፤ ጦርነት በሩቅ ሲሰሙት የጀግንነት ወሬ ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ኀዘን ነው። ስለዚህ ጦርነትን ሊመኙት አይገባም።

በ1776 አሜሪካውያን ነጻነታቸውን አወጁ፤ በ1783ም የእንግሊዝ መንግሥት ነጻነታቸውን በውል ተቀበለ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንረሳ አይገባንም። በሌክሲንግተን ከቈሰሉት ሰዎች አንዱ ፕሪንስ ኤስታብሩክ ይባል ነበር። እርሱ ጥቍር ሰው፣ የሌላም ሰው ባርያ ነበረ። ለነጻነት በቆመው ጭፍራ መካከል ነጻ ያልሆነ ሰው ደሙን አፈሰሰ። ከዚያም በኋላ በጦርነቱ አገለገለ፤ ነጻም ወጣ። ነገር ግን በአሜሪካ አገር ሁሉ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1865 ነው። ስለዚህ ብዙ ሰዎች የጎረቤታቸው አባቶች ያገኙትን ነጻነት ሳያዩ ሞቱ። ሰው ለራሱ የሚወደውን ነገር ለባልንጀራው ከነፈገ ሥራው ገና አልተፈጸመም።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ ሰው መልካም ሥራ ለመሥራት አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባዋል፤ ደወል ከተደወለ በኋላ ትምህርት የሚጀምር ሰው ይዘገያልና። ሁለተኛ፣ የመንደር ኀይል በአንድ ጀግና ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ወሬ አደረሰ፣ ገበሬው ትልም አወጣ፣ ጠመንጃ ሠሪው ሳንጃ ሠራ፣ እናት ልጆች አሳደገች። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ማለታቸው ስለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ነጻነትን የሚወድ ሰው ለሌላውም ሊወድለት ይገባል።

እናንተ ዛሬ ጠመንጃ የምትይዙ አይደላችሁም። ነገር ግን የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ውኃ ይዞ የሚሮጥ፣ ወንዝ ሲሞላ የታናሹን ልጅ እጅ ይዞ የሚያሻግር፣ የታመመችን ሴት እንጨት ለቅሞ የሚረዳ ልጅ እርሱ ወዶ ዘማች ነው። ሳይጠሩአችሁ የምትነሡ፣ ሲጠሩአችሁም የማትዘገዩ ሁኑ።

ጥያቄ።

1. የደቂቃ ሰዎች የተባሉት ስለ ምን ነው?
2. የአክተን ጭፍራ በድልድዩ ላይ ፊተኛ የሆነው ስለ ምን ነው?
3. አይዛክ ዴቪስ ለሚስቱ ምን አደራ አላት?
4. ፕሪንስ ኤስታብሩክ ማን ነበረ? ከእርሱስ ታሪክ ምን እንማራለን?
5. አንተ በመንደርህ ሳትጠራ ልትሠራው የምትችለው ሥራ ምንድር ነው?