ከግመል ወደ በቅሎ፦ ሕግንና ኮምፒውተር ሳይንስን አብሮ ስለ መማር

ባቡር ድሬዳዋ ሳይደርስ፣ ማለትም ከ1895 ዓ.ም. በፊት፣ ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣ ሸቀጥ የሚያልፈው ጀልዴሳ በምትባል መተላለፊያ በኩል ነበር። ቆላውን አቋርጦ የመጣው ግመል እዚያ ይቆማል። ጭነቱ ይራገፋል፣ ይቆጠራል፣ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ወደ ደጋው ይወጣል። ግመል ነጂው ቆላውን ያውቃል፣ በቅሎ ነጂው ዳገቱን። ዕቃው ያው ነው። ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው ግን ዕቃ ጎደለ የሚባለው፣ ክርክርም የሚነሣው፣ ርክክብ ላይ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው የሁለቱንም ወገን ቋንቋና የሁለቱንም ሚዛን የሚያውቅ ሰው ነው።

ሕግንና ኮምፒውተር ሳይንስን አብሮ ስለ መማር ስጠየቅ በሐሳቤ የምትመጣው ይህች ጥንታዊት የንግድ መተላለፊያ ናት። ጥቅሙ ሁለት ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ መስቀል አይደለም። አንድ የሕይወት እውነት ወደ መረጃ ሲለወጥ፣ መረጃው ደግሞ ፍርድ ቤት ገብቶ ማስረጃ ሲሆን፣ ርክክቡን ቆሞ ማየት መቻል ነው።

በምሳሌ እንየው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ዕድሜን በሦስት ይከፍላል። 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው በወጣት አጥፊዎች ልዩ ሥርዓት ይታያል። ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ቅጣቱ ግን ሊቀልለት ይችላል። ይህን ለኮምፒውተር መጻፍ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚሠራው ሥራ ይመስላል፤ «ዕድሜው ከ9 ካነሰ ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ያንን አድርግ» ብሎ ሦስት አራት መስመር መጻፍ ነው። አሁን 15 ዓመት ከ3 ወር የሆነው ልጅ መጣ እንበል። «እስከ 15» ማለት 15ኛ ዓመቱን እስከሚደፍንበት ቀን ነው ወይስ 16 እስኪሞላው? ማሽኑ «እንደ ነገሩ ሁኔታ» የሚባል መልስ አይቀበልም። ፕሮግራመሩ «ያንሳል» የሚለውን ምልክት ወይም «ያንሳል ወይም እኩል ነው» የሚለውን መምረጥ ግድ ይለዋል። በአንዲት ትንሽ ምልክት ልጁ ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ይሻገራል። ምልክቱን የሚጽፈው የኮምፒውተር ሰው ነው፤ የትኛው ምልክት ትክክል እንደሆነ የሚያውቀው ግን ሕግ የሚተረጉመው ነው። ሁለቱ ካልተነጋገሩ ፕሮግራመሩ ሳያውቀው ዳኛ ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በገጠር የተወለደ ልጅ ዕድሜው የሚታወቀው በእናቱ ትዝታ ነው፤ «ዝናቡ የቀረበት ዓመት»፣ «ታላቅ ወንድሙ ትምህርት ቤት የገባ ጊዜ» እየተባለ ይቆጠራል። ዳታቤዙ ግን ቀን፣ ወርና ዓመት ካልሞላ ወደ ፊት አያሳልፍም። መዝጋቢውም መስከረም 1 ብሎ ይሞላና ያልፋል። በዚያች ቅጽበት «በግምት» የነበረው ነገር «በትክክል» ሆኖ ተጻፈ፤ ግምት መሆኑ የትም አልተመዘገበም። በዚያ ላይ ቀኑ ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ሲለወጥ፣ ጳጉሜንን የማያውቅ ፕሮግራም ቀናት ሊያዛባ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ጠበቃው የሚያየው ከኮምፒውተር የወጣ ንጹሕ ወረቀት ነው። ርክክቡን የሚያውቅ ጠበቃ ወረቀቱን አገላብጦ «ይህ ቀን ከማን አፍ ወጣ? ማን አስገባው? ከየትኛው አቆጣጠር ተለወጠ?» ብሎ ይጠይቃል።

የቅርቡን እንጥቀስ። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ለሰዓታት ተዛብቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ያልነበረ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መውጣቱን አስታወቀ፤ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነም ገለጸ። ከወሰዱት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በፍትሐ ብሔሩ በኩል ነገሩ ቀላል ነው፤ የማይገባህን ገንዘብ ተቀብለሃልና መልስ ይላል ሕጉ። የወንጀሉ ጥያቄ ግን ይከብዳል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ይቀጣል። ተማሪው የገባው በራሱ ካርድና በራሱ የምስጢር ቁጥር ነው። ታዲያ ከፈቃዱ አልፏል? የሕግ ባለሙያው «ሲያወጣ ምን ያውቅ ነበር?» ይላል። የኮምፒውተሩ ባለሙያ «ስክሪኑ ላይ ቀሪ ሒሳቡ ስንት ተብሎ ታየው?» ይላል። ሁለቱ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው። መልሱም በሥርዓቱ የምዝገባ ፋይሎች ውስጥ በሰዓትና በሰከንድ ተቀምጦ የሚገኝ ነው፤ የሚያነብ ሰው ከተገኘ።

የሚያነብ ሰው ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ እንግሊዞች አይተውታል። ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ፕሮግራም ገንዘብ ጎድሏል እያለ ከ1999 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ቅርንጫፍ ኃላፊዎች ተፈረደባቸው። ስሕተቱ የፕሮግራሙ ነበር። የእንግሊዝ ሕግ ግን ተቃራኒው ካልተረጋገጠ ኮምፒውተር በትክክል እንደሠራ ይገምታል፤ ተቃራኒውን የማረጋገጥ አቅም ደግሞ በአንድ የመንደር ፖስታ ቤት ኃላፊ እጅ የለም። ሰዎች ታሰሩ፣ ቤታቸውን አጡ፣ በጎረቤት ፊት ሌባ ተባሉ። ፓርላማው ፍርዱን በሕግ የሰረዘው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው።

ችግሩ ርክክቡ ላይ ከሆነ ሕግ ሁሉ የኮምፒውተር ኮድ ይሁን የሚል ካለ ግን አልስማማም። በ1986 እ.ኤ.አ. በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የነበሩ ተመራማሪዎች የእንግሊዝን የዜግነት ሕግ በኮምፒውተር ፕሮግራም ጽፈው አሳይተዋል። ሥራው ትልቅ ነበር፤ ሰው ማመዛዘን ያለባቸውን ቃላት ግን ማሽኑ ለሰው መልሶ መጠየቁ አልቀረም። የእኛም ሕጎች «በቅን ልቡና»፣ «በበቂ ምክንያት» በሚሉ ቃላት የተሞሉ ናቸው። በዚሁ በጀልዴሳ አካባቢ የሚታወቀው የኢሳ ሶማሌዎች ባህላዊ ሕግ፣ ሄር ኢሴ፣ በቃል የሚተላለፍ ነው፤ ዩኔስኮ በ2017 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሁለቱን ወገን ቃል ሰምተው የሚያመዛዝኑትን ነገር በ«አዎ» እና በ«አይደለም» ከፍሎ መጻፍ ሕጉን መግደል ነው። ሁለቱን የተማረ ሰው ትልቁ ዕውቀቱ የትኛው ሕግ ወደ ኮድ እንደሚገባ፣ የትኛው እንደማይገባ መለየቱ ነው።

ወደ ተማሪው እንምጣ። በመደበኛው አካሄድ መንገዱ የሚለያየው ገና 11ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ሕግ ከማኅበራዊ ሳይንስ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ከተፈጥሮ ሳይንስ ይወስዳል። ሁለቱን በአንድ ዲግሪ የሚያጣምር የተለመደ መንገድ የለንም። ብዙዎች የሚያደርጉት አንዱን በቀን፣ ሌላውን በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ መማር ነው። ሕጉ 5 ዓመት፣ ኮምፒውተር ሳይንሱ 4 ዓመት ይፈጃል፤ በሁለቱም መጨረሻ የመውጫ ፈተና አለ። ለወላጅ ኪስ ይከብዳል፣ ለእንቅልፍም አይመችም። እኔ ብጠየቅ በአንዱ ጠንክሩ፣ ከሌላው የሚያስፈልጋችሁን ብቻ ውሰዱ እላለሁ። የሕግ ተማሪ ዳታቤዝ እንዴት እንደሚሠራና አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ይወቅ። የኮምፒውተር ተማሪ የውልና የማስረጃ ሕግን ይማር፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ከነጋሪት ጋዜጣው ላይ አንቀጽ በአንቀጽ ያንብብ። ከዚያ አንድ አንቀጽ መርጣችሁ ወደ ፕሮግራም ለውጡት፤ የቆማችሁበት ቦታ ሕጉ ማሰብን የሚጠይቅበት ቦታ ነው።

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሕግም ኮምፒውተር ሳይንስም ያስተምራል። የሁለቱ መምህራን ለሁለቱም ተማሪዎች በአንድ ክፍል የሚሰጡት አንድ የጋራ ኮርስ ይክፈቱልን፤ ከዕድሜው አንቀጽ ይጀምሩ።