የወይራው ሥርና ቅርንጫፎቹ



ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ እስከ ስሜን ተራሮች ግርጌም ድረስ፣ ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግእዝ እያነበቡና ሰንበትን እያከበሩ ከክርስቲያኖች ጋር በጉርብትና ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ግን «ቡዳ» እያለ የሚሸሽ ጥቂት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ክፉው ስም ግን ከእኛ ዘንድ ቀረ።

ታዲያ እግዚአብሔር በሥጋ የአብርሃም ዘር የሆነውን ሕዝብ ትቶታልን? ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ከምዕራፍ 9 እስከ 11 ይህንኑ አንሥቶ፣ አልተወውም ሲል ይመልሳል። በአገራችን ደጋ የሚበቅለው ወይራ ለዘይት የሚተከለው ሳይሆን የዱር ወይራ ነው፤ ሐዋርያውም ከአሕዛብ ወገን ያመንነውን የሚመስለን በዱር ወይራ ነው። በጸጋ በመልካሙ ወይራ ላይ ገብተን ከሥሩ እንመገባለን። ቅርንጫፍ ደግሞ በሥሩ ላይ ሊኮራ አይችልም።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ድኅነት ለሰው ሁሉ በክርስቶስ መሆኑን ታምናለች። ሆኖም ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው መግለጫው፣ የጌታ ሕማም በዚያን ጊዜ በነበሩት አይሁድ ሁሉ ወይም በዛሬዎቹ ላይ ሊጫን እንደማይገባ፣ አይሁድም የተጣሉና የተረገሙ ተብለው ሊነገርላቸው እንደማይገባ አስተማረ።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ስለ ጌታ ሕማም ስታስተምሩ ልጆቹን፦ እመቤታችን ከየትኛው ሕዝብ ተወለደች? ሐዋርያትስ? ብላችሁ ጠይቁ። «ቡዳ» የሚለውም ስድብ በክርስቲያን አፍ አይገኝ። እግዚአብሔር ለእስራኤል የገባውን ኪዳን ቢያፈርስ ኖሮ የእኛስ ተስፋ በምን ይጸና ነበር?