የልጅዎ የፊት ጥርስ ቢሰበር ወይም ቢወልቅ

አንዲት እናት ለመርፌ ቀጠሮዋ ስትመጣ የ9 ዓመት ልጇን አስከትላ ነበር። ልጁ ከሁለት ቀን በፊት ኳስ ሲጫወት ወድቆ አንዱ የላይኛው የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወልቋል። እናት ጥርሱን በወረቀት ጠቅልላ በጥንቃቄ አስቀምጣዋለች። ሆኖም ደርቆ ነበር። በወረቀት ፈንታ ወተት ውስጥ ከትታው ወዲያው ወደ ጥርስ ሐኪም ብትሄድ ኖሮ የመትረፍ ዕድል ነበረው።

ይህን ገጽ ባልና ሚስት አብራችሁ አንብቡት። ልጁ ሲወድቅ ቤት የሚገኘው ማን እንደሚሆን አይታወቅምና።

በቅድሚያ የወለቀው የወተት ጥርስ ነው ወይስ ቋሚ? የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ብዙውን ጊዜ በ7 እና በ8 ዓመት ይተካሉ። የወለቀ የወተት ጥርስ ከላዩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ስለሚችል ወደ ቦታው አይመለስም፤ እንደ ልማዳችን ጣሪያ ላይ ቢወረወር ግድ የለም። ቋሚው ግን አይወረወርም!

ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ ሥሩን ሳይነኩ በነጩ በኩል ይያዙት። ከቆሸሸ በወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ያለቅልቁት እንጂ አይፈግፍጉት። ወዲያው ወደ ቦታው መልሰው ልጁ ንጹሕ ጨርቅ እንዲነክስ ያድርጉ። ካልደፈሩ ወተት ውስጥ ይክተቱት፤ ወተት ከሌለ ልጁ በንጹሕ ዕቃ ምራቁን ይትፋበት። ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ በሥሩ ላይ ያሉትን ሕያው ሕዋሳት ይገድላል። በደረቁ ከ1 ሰዓት በላይ ከቆየ ተስፋው ይመነምናል። ከሀደሮ ተነስቶ ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ድረስ ሐኪም ፍለጋ ለሚሄድ ወላጅ አንድ ስኒ ወተት ትልቅ ነገር ነው። ሐኪሙ ጥርሱን ከጎረቤቶቹ ጋር ለ2 ሳምንት ያህል ያስረዋል።

የተሰበረ ከሆነስ? ነጩ ሽፋን ብቻ ከተሸረፈ ሹሉ ይለሰልሳል። ቢጫው ክፍል ከታየ ይሸፈናል። ስባሪውን መልሶ ማጣበቅ ስለሚቻል ይፈልጉት፤ ከንፈር ውስጥ ተሰክቶም ሊገኝ ይችላል። ደም ያዘለ ቀይ ነጥብ ከታየ ነርቩ ተጋልጧል ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች «ይነቀልለት» ይላሉ። እኔ አትቸኩሉ እላለሁ። የእነዚህ ጥርሶች ሥር እስከ 10 ዓመት ገደማ አድጎ አያልቅም፤ ሥሩን የሚያሳድገው ደግሞ ያው ነርቭ ነው። በስዊድን ይሠሩ የነበሩት የጥርስ ሐኪም ሚዮሚር ጽቬክ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የተጋለጠውን ነርቭ የላይኛውን ክፍል ብቻ አንስተው ቀሪውን በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሸፍነው ነበር። ከ60 ጥርሶች 96 በመቶ ያህሉ ድነዋል።

አገራችን የዝንጅብል አገር ቢሆንም ዝንጅብልም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ስብራቱ ላይ አያድርጉ። ልጁ ራሱን ስቶ ከነበረ ወይም ካስመለሰው ከጥርሱ በፊት ጭንቅላቱ ይታይ። ቁስሉ አፈር ከነካው ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠይቁ።

ሕመሙ ስለጠፋ ቀጠሮ አይቅር። ጥርሱ ከወራት በኋላ ሊጠቁር፣ ድዱም ላይ መግል የያዘ ብጉር ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሳይዘገዩ ይመለሱ።