ትምህርት ዐሥራ አራት፦ በክፍል ውስጥ በስልክና በኢንተርኔት መረጃ ስለ መፈለግ

ድርሰት ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ አስቀድሞ መረጃ መሰብሰብ ይኖርበታል። መረጃ ዱሮ ይገኝ የነበረው ከመጽሐፍና ከአዋቂዎች አንደበት ነበር፤ ዛሬ መምህሩ ሲፈቅድ በክፍል ውስጥ በእጅ ስልክ አማካይነት ከኢንተርኔትም ይገኛል። ስልኩ አንድ፣ ተማሪዎቹ አምስት ቢሆኑም ሥራው አይስተጓጎልም፤ አንዱ ሲፈልግ ሌላው ይጽፋል፣ የቀሩትም ያመሳክራሉ። ነገር ግን ስልክ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። አጠያየቁ ደግሞ የቋንቋ ጉዳይ ነው።

ሀ. ሞክሼ ሆሄያት

“የዓድዋ ጦርነት” በሚል ርእስ እንድትጽፉ ታዛችኋል እንበል። ይህ ስም በአንዳንድ ጽሑፎች “ዓድዋ”፣ በሌሎች “አድዋ”፣ በጥቂቶች ደግሞ “ዐድዋ” ተብሎ ይገኛል። ለጆሮ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለመሣሪያው ግን ሦስት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። ይኸውም ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የየራሱ ቁጥር ስለ ተሰጠው ነው። የ“ሀ” መለያ 1200፣ የ“ሐ” 1210፣ የ“ኀ” 1280 ተብሎ ይጻፋል። መሣሪያው የሚያነጻጽረው እነዚህን ቁጥሮች እንጂ ድምፁን አይደለም። አንዳንድ መፈለጊያዎች ልዩነቱን ለማስታረቅ ይሞክራሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። በረጅም ሰነድ ውስጥ ቃል ስትፈልጉማ “አልተገኘም” የሚል መልስ ሊያጋጥማችሁ ይችላል፤ ቃሉ ግን በሌላ ሆሄ ተጽፎ እዚያው ተቀምጧል። ስለዚህ ሞክሼ ሆሄ ያለበትን ቃል አጻጻፉን እየለዋወጣችሁ ፈልጉ።

በድርሰታችሁ ውስጥ ግን አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በእርሱ ጽኑ። ከየገጹ እየተቀነጨበ የተሰበሰበ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በዚሁ ነው፤ በአንድ አንቀጽ ውስጥ “ዓድዋ”ም “አድዋ”ም ይገኙበታልና።

ለ. የዘመን ቁጥር

የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ገጽ ማርች 1 ቀን 1896 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስሕተቱ የሚመጣው ተማሪው 1896ን እንዳለ ገልብጦ “ዓ.ም.” ሲጨምርበት ነው፤ ያን ጊዜ ጦርነቱን ስምንት ዓመት ወደ ፊት ይገፋዋል። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ሦስት ገጾች አንድ ዓይነት ነገር ስለ ተናገሩ ሦስት ምስክር ተገኘ አይባልም። ዐረፍተ ነገሩ ቃል በቃል አንድ ከሆነ አንዱ ከሌላው ቀድቶት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ቢሳሳት ሦስቱም ይሳሳታሉ።

መልመጃ

1. አበበ ቢቂላ በኦሎምፒክ ማራቶን ድል የተቀዳጀው በሮም ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960፣ በቶኪዮ ኦክቶበር 21 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱን ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ። ከሁለቱ ዓመቶች ላይ እኩል ቁጥር መቀነስ የማይቻለው ለምንድን ነው?

2. “ፀሐይ” የሚለው ቃል በሞክሼ ሆሄያት በስንት ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል ዘርዝሩ። በቡድን ሆናችሁ እያንዳንዱን አጻጻፍ በስልክ ፈልጉና በውጤቶቹ መካከል ያያችሁትን ልዩነት በአንድ አንቀጽ ግለጹ።