ሳይንስ ከመንደሩ ኑሮ ሲነሣ

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ባስከተለው ረሃብ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ተጓጉዞ መስፈሩ የሚታወስ ነው። አብዛኛው ሰፋሪ የደጋና የወይና ደጋ ገበሬ ነበር። በአዲሱ አገር ዝናብ አልታጣም፤ ይሁንና ከረሃብ ከተረፈው ወገን የብዙውን ሕይወት ከቀጠፉት በሽታዎች አንዱ ወባ ሆነ።

ደገኛው ስለ በሽታው ምንም አያውቅም ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። «ንዳድ» እያለ ሲፈራው ኖሯል። ቆላ ወርዶ ሲያርስ ወይም ሲያጭድ ውሎ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ደጋ መመለስም የቆየ ልማድ ነበር። በሽታውን የሚያመጣው የቆላ አየር ነው ይባል እንጂ፣ ጥንቃቄው ትክክለኛ ነበር። በ1897 እ.ኤ.አ. ሮናልድ ሮስ የተባለ ሐኪም ሕንድ አገር ሳለ የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ አኖፊለስ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በብርዳማ ደጋ ደግሞ ተውሳኩ በትንኟ ሆድ ውስጥ እድገቱን ለመጨረስ ይሳነዋል።

ልማዱ «ቆላ አትደር» ይላል፤ ምክንያቱን አይናገርም። ሰፋሪው ቆላ ማደር ግድ ሲሆንበት፣ የአባቶቹ ጥንቃቄ ብቻውን ሊጠብቀው አልቻለም። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ግን መሸሽ በማይችልበት ስፍራም የሚያደርገውን አያጣም። የሳይንስ ትምህርት ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል።

ስለዚህ በቆላ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ስለ ነፍሳት እድገት ሲያስረዳ፣ በመጽሐፉ ሥዕል ብቻ ባይወሰን መልካም ነው። ትምህርቱን በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊያካሂደው ይችላል።

1ኛ/ ተማሪዎች ስለ ንዳድ የሚያውቁትን ከወላጆቻቸውና ከሽማግሌዎች ጠይቀው ይጻፉ።

2ኛ/ ከመምህሩ ጋር በቀን ወጥተው በመንደሩ አካባቢ ውሃ የቋጠሩ ጉድጓዶችን ይቁጠሩ፤ ከውሃውም በነጭ ሳህን ይቅዱ። የአኖፊለስ እጭ በውሃው ገጽ ላይ አግድም ይተኛል፤ የሌሎቹ ትንኞች እጭ ግን በአብዛኛው ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል።

3ኛ/ ትንኝ በሞቃት ስፍራ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጅባታል። ጉድጓዱ በየስንት ቀኑ ቢደፈን ወይም ቢፋሰስ መራባቷ እንደሚቋረጥ ተማሪዎች ራሳቸው ያስሉ።

4ኛ/ ያገኙትን ውጤት በወላጆች ስብሰባ ላይ ያስረዱ።

በዚህ ዓይነት የተማረ ልጅ ወላጆቹን አላዋቂ አድርጎ አይመለከትም፤ የእነርሱን ዕውቀት መነሻ አድርጎ የጎደለውን ይሞላል። ወላጅም ልጁ ከትምህርት ቤት ያመጣው ነገር የራሱን ጥያቄ የሚመልስ ሆኖ ሲያገኘው ይቀበለዋል። ጉድጓዱን የሚደፍነው፣ አጎበሩንም በየማታው የሚዘረጋው ምክንያቱን የተረዳ ቤተሰብ ነው።