ደላላው ሲያጣድፍ

ጥያቄ፦ ያገለገለ ቪትዝ ልገዛ ነው። ደላላው «ሌላ ገዢ አለ፣ ዛሬውኑ ቀብድ ጣል» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቀብዱ ይቆይ። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ጥድፊያው ብሷል፤ «ሌላ ገዢ» ግን ድሮም ነበር። መኪናውን ጠዋት ይዩት። ኮፈኑን በመዳፍዎ ይንኩት፤ ለብ ካለ ቀድመው አሙቀውታል፣ ይጠርጥሩ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ከተፋ ዘይት ይበላል። መካኒክ ራስዎ ያምጡ፤ የደላላው ወዳጅ አይሆንም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ። የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት መሥሪያ ቤት ያጣሩ። ሻጩ ወኪል ከሆነ ውክልናው «መሸጥ» ይበል፤ «ማስተዳደር» ብቻ አይበቃም። ቀብዱን ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ቀሪውን ብር ደግሞ ውልና ማስረጃ ሲፈራረሙ ይክፈሉ።